የፓወር ሰፕላይ አስመራጭ ኮሚቴ ገድል

ትልልቅ ሰዎች የሠሩት ሥራ ሳይጻፍ ቀርቶ ተከታዩ ትውልድ ባዶ እጁን እንዳይቀር በማሰብ፣ ክቡር አማቼ የሳሎናችንን ኮምፒውተር ከጨለማ ለማውጣት ያደረጉትን የሃያ አንድ ቀን ተጋድሎ እነሆ እጽፋለሁ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ልጄ ስትመረቅ ወንበር ላይ ለመቀመጥ። ፊደሉን ማንም ሳያስተምረኝ ከስኳር ከረጢትና ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ለቅሜ ነው የያዝኩት። ስለዚህ የተማረ ሰው ሥራ ሲሠራ ሳይ እገረማለሁ። ስገረም ደግሞ እጽፋለሁ።

ክቡር አማቼ የአንዲት ልጄ ባል ናቸው። በመሥሪያ ቤታቸው የመምሪያ ኃላፊ ናቸው። መምሪያው ምን እንደሚሠራ ልጄን ብጠይቃት፣ "እማዬ፣ እሱም ገና እያጣራ ነው" አለችኝ። ሌላው ሰው ቤቱ ሲገባ ሥልጣኑን ከኮቱ ጋር ምስማር ላይ ይሰቅላል። እሳቸው ለብሰውት ራት ይበላሉ። ሾርባው ጨው ሲያንሰው እንደ ተራ ሰው "ጨው አቀብዪኝ" አይሉም። "ጨውን በተመለከተ ክፍተት ታይቷል" ይላሉ። ክፍተቱን እኔ ተነሥቼ እሞላለሁ።

ቤቱ የእኔ ነው። ይህን የምለው ለኩራት አይደለም፤ እሺ፣ ለኩራትም ነው። ሟች ባለቤቴ በእጁ የሠራው ነው። ግንበኛ ነበር፤ ግድግዳው ዛሬም መዶሻ ይሰብራል። የመብራቱን ሽቦም እሱ ዘረጋው፤ እሱንም እንደ ግንበኛ ነው የዘረጋው። ከሶኬቶቹ ሁሉ ከባድ ዕቃ የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ክፍል፣ ራስጌዬ ላይ ያለው። ሌሎቹ አምፖልና ሬዲዮ ይሸከማሉ፤ ካውያ ሲሰካባቸው እሳት ይተፋሉ። ልጄ በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ ማሽን ልብስ ትሰፋለች። የሰፋችውን እኔ በዚያ ሶኬት እተኩሳለሁ። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሆነን ኖርን።

ኋላ ሥልጣኔ መጣ። ክቡር አማቼ የመኪና እሽቅድምድም የሚጫወቱበት ኮምፒውተር አስገጣጠሙ። ኮምፒውተር ሥዕሉን የሚያወጣበት ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ሰሌዳ አለው አሉ። ሌላው ሰው አንድ ያስገባል። እሳቸው "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" ብለው ሁለት አስገቡ።

"አንድ መኪና ለመንዳት ሁለቱ ምን ያደርጋሉ?" ብዬ ጠየቅኩ።

"እማማ፣ አንዱ ዋና ነው፤ አንዱ ምክትል" አሉኝ።

ሥራ ሁልጊዜ እንዴት እንደሚከፋፈል ስለማውቅ ሌላ አልጠየቅኩም።

ዕቃው ሆዱ ሰፊ ስለሆነ የሳሎኑ ሶኬት አልቻለውም። ስለዚህ ረጅም ገመድ በክፍሌ በር ሥር አሾልከው ራስጌዬ ሶኬት ላይ ሰኩት፤ ለእኔም "የመኝታ ክፍል ሶኬት ለላቀ ዓላማ መዋሉን ስለማሳወቅ" የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። ቁጥርና ቀን ነበረው። ከዚያ ወዲህ የምተኩሰው እሳቸው ቢሮ ሲሆኑ ነው። ካውያዬ በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ቀን ጠብቆ የሚሠራ ሆነ።

የታሪኩ መነሻ የሆነችው ቅዳሜ እንዲህ ነበረች። ክቡር አማቼ ምክትላቸውን በእሽቅድምድም ሊገጥሟት ቤት ጋበዟት። ምክትላቸው ዝምተኛ ሴት ናት። የመምሪያውን ሥራ ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት ይባላል፤ ይህ ወሬ ነው፤ እኔ ባየሁት ደብዳቤ ሁሉ ላይ ያለው የእሳቸው ፊርማ ነው። እሷ አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ በፌስታል ይዛ መጣች። ክቡር አማቼ ላፕቶፗን አይተው ፈገግ አሉ። ባትሪዋ ይሠራ እንደሆነም በርኅራኄ ጠየቋት።

"ይሠራል" አለች።

ውድድሩ አምስት ዙር ነው። በአምስተኛው ዙር ክቡር አማቼ በአንድ የመኪና ርዝመት እየመሩ ሳለ ኮምፒውተራቸው ድርግም አለ። በዚያች ደቂቃ እኔ ክፍሌ ውስጥ ስለነበርኩ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። አንድ የሆቴል ሰው ልጄ የሰፋችለትን የናሙና ሽርጥ ሊያይ በር ላይ ቆሞ፣ "ሳይተኮስ አላይም" ብሎ ነበርና እኔ በመተኮስ ላይ ነበርኩ። ከሳሎን "ጠፋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አዘንኩ። መተኮሴንም ቀጠልኩ።

ሽርጡ እንደ ብራና ተዘርግቶ ወጣ። ሰውየው እጥፋቱን በጣቱ ዳስሶ ስልሳ ሽርጥ አዘዘ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ተተኩሶ። ካማረው የሆቴሉን የዓመት ስፌት ሁሉ ለልጄ ሊሰጣት፣ ካልሆነ አንዱንም ላይቀበል ተስማሙ። ልጄ በዚያ ሥራ ተስፋ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ልትከራይ አሰበች። አሥራ አምስት ዓመት በረንዳ ላይ ነፋስ ክሯን ሲጎትትባት ኖራለች።

"እማዬ፣ ስልሳ ሽርጥ ትተኩሺያለሽ?" አለችኝ።

"አንቺ ስፊ እንጂ የካውያው ነገር የእኔ ነው" አልኳት።

ክቡር አማቼ በበኩላቸው በምክትላቸው ፊት መጥፋታቸው እንቅልፍ ነሣቸው። የመልስ ውድድር ጠየቁ፤ እሱም በዚያው በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የመምሪያው ሠራተኛ በተገኘበት እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ኮሚቴ ምን እንደሆነ አያውቁም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢ ክቡር አማቼ። አባል፣ ጎረቤታችን የሆነው ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር። ጸሐፊ ደግሞ የመሥሪያ ቤታቸው የግዢ ሠራተኛ፤ ሦስት ፕሮፎርማ ካልቀረበለት ክብሪት እንኳ ስለማይገዛ ስሙ "ፕሮፎርማ" ሆኖ ቀርቷል፤ ሚስቱም እንዲሁ ነው የምትጠራው።

መምህሩ ስብሰባውን በምሳሌ ከፈተ።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አለ። "የነገሩ ሥር ፓወር ሰፕላዩ ነው።"

ፓወር ሰፕላይ ማለት ከግድግዳ የመጣውን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ሆድ ዕቃ የሚያከፋፍል ጥቁር ሳጥን ነው። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ሳጥኑን አዩት። ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ እኔ በር የሚሄደውን ገመድ ያየ የለም። ሥሩ ሳጥኑ ጋ ነው ከተባለ ወዲያ ምን ይታያል?

እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ነገሩን ልነግራቸው ከልቤ ፈልጌ ነበር። እግዜር ይየው።

"ልጆቼ፣ ያ ገመድ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"እማማ፣ ሐሳብ ያለው እጁን ያወጣል" አሉ ሰብሳቢው።

"እጄ ትሪ ይዟል።"

"እንግዲያው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይያዝልዎ።"

ፕሮፎርማ ጻፈው። ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የቀድሞ ሰዎች፤ እነሱም ኮሚቴ ሳይቀመጥባቸው አልቀረም።

ሒሳቡን በበር ክፍተት ሰማሁት። ይህን ሒሳብ የሰማ ሰው መማር ለምን እንደሚጠቅም ይገባዋል።

"አንዱ ካርድ ሦስት መቶ ዋት ይበላል" አለ መምህሩ። "ሁለቱ ስድስት መቶ። የኮምፒውተሩ አንጎል መቶ ሃምሳ። ማራገቢያውና ኮተቱ ሃምሳ። ድምር ስምንት መቶ።"

"ያለን ሳጥን ስንት ይችላል?"

"ስምንት መቶ ሃምሳ ይላል።"



"ይበቃል ማለት ነው?" አለ ፕሮፎርማ፤ ስብሰባው ገና ሻይ ሳይጠጣ ሊያልቅበት ነው ብሎ ደንግጦ።

"እንዴት ይበቃል? ጠፋ እኮ" አሉ ክቡር አማቼ።

"እውነት ነው፣ ጠፍቷል" አለ መምህሩ። "ስለዚህ የተሳሳተው ሒሳቡ ነው። ለስሕተቴ ሁለት መቶ ልጨምር። ሺህ።"

"ግዢ ያለ መጠባበቂያ አይጸድቅም" አለ ፕሮፎርማ። "የእኔንም ሁለት መቶ ያዙልኝ። ሺህ ሁለት መቶ።"

"እኔም እንደ ሰብሳቢ በዝምታ አላልፍም። ሦስት መቶ ጨምሩልኝ" አሉ ክቡር አማቼ።

"ለምን ተብሎ ይጻፍ?"

አሰቡ። "ለራዕይ" አሉ።

ሺህ አምስት መቶ ሆነ። እኔ በወጣትነቴ ሦስት ሴቶች ሳይነጋገሩ ለአንድ ድስት ተራ በተራ ጨው ሲጨምሩ አይቻለሁ። ያንን ድስት ውሻም አልቀመሰው። ሴቶቹ ግን ተሰደቡ እንጂ ቃለ ጉባኤ አልተያዘላቸውም።

በማግሥቱ ክቡር አማቼ ለነገሩ ሙሉነት ኮምፒውተሩን የገጠመውን ጠጋኝ አስጠሩት። እጁ በብየዳ የተቃጠለ፣ ፊቱ በእንቅልፍ እጦት የተጨማደደ ሰው ነው። ሳጥኑን ከፍቶ አየ፤ ዘጋው።

"ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው" አለ። "እንዲያውም ይተርፋል። የእርስዎ ጨዋታ የሚያውቀው አንዱን ካርድ ብቻ ነው።"

"ሁለተኛውስ?"

"ተሰክቷል።"

"ምን ይሠራል?"

"ይሞቃል።"

"ከመሞቅ ሌላ ማለቴ ነው።"

"ጌታዬ፣ ሲገዙት ነግሬዎት ነበር። ይሞቃል።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ክቡር አማቼ ግን ይህችን ላም ለማለብ አልሰነፉም። "ሁለተኛው ካርድ በተጠባባቂነት ሙቀት በማመንጨት ላይ መሆኑ ታውቋል" ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ። ጠጋኙ ቦርሳውን ሊይዝ ሲል ዓይኑ ገመዱ ላይ ወደቀ፤ ገመዱን ተከትሎ እስከ ክፍሌ በር አየ።

"ይሄ የት ነው የተሰካው? ሶኬቱን ልየው" አለ።

"ሶኬቱ የአማቴ መኝታ ክፍል ነው" አሉ ክቡር አማቼ። "አጀንዳችንም ሳጥኑ ነው።"

ጠጋኙ ሄደ። ኮሚቴውም ሰውየው የሙያው ባለቤት በመሆኑ ገለልተኛ ሊሆን እንደማይችል በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ሁለተኛው ሳምንት ለማዕረግ ክርክር ዋለ። እነዚህ ሳጥኖች እንደ ሯጭ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲኒየም የሚባል ማዕረግ አላቸው።

"ማዕረጉ መብራት ምን ያህል እንደማያባክን ነው የሚነግረው" አለ መምህሩ። "ነሐሱም ይበቃል።"

"ነሐስ የሦስተኛ ሜዳሊያ ነው" አሉ ክቡር አማቼ። "በቤቴ ሦስተኛ ልውጣ?"

"ፕላቲኒየም ይሁን?"

"እሱ ያስወራል።"

ወርቅ ሆነ። ፕሮፎርማ ሦስት ፕሮፎርማ አመጣ፤ አንዱ ከባለሱቁ፣ አንዱ ከባለሱቁ ሚስት፣ አንዱ ከባለሱቁ ዕቃ ቤት። ሦስቱም በአንድ እጅ፣ በአንድ እስክሪብቶ የተጻፉ ናቸው። ይህ ገበያው ምን ያህል እንደተስማማ ያሳያል ተባለ። ሱቁ ውስጥ ሺህ አምስት መቶ ስላልነበረ ሺህ ስድስት መቶ ተገዛ። የቀረችውን መቶ ማን እንደጨመራት የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም ቢባልም በጊዜ እጥረት ቀረ።

ሳጥኑ ሲመጣ እኔም አነሣሁት። ክብደቱ የካውያዬን አምስት እጥፍ ይሆናል። ወርቅ ነው የተባለውን አገላብጬ አየሁት፤ ጥቁር ቆርቆሮ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት አማረኝ፤ ግን እንደገና እጄ ሥራ ይዞ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የልጄ ሽርጥ እየተከመረ ነው። ክቡር አማቼ ለመለማመድ የዓመት ፈቃድ ወስደው ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ የምተኩሰው እሳቸው ምሳ ሲበሉ ብቻ ሆነ። ልጄ ሾርባውን ሆን ብላ እያፈላች ስታቀርብላቸው አንድ አምስት ሽርጥ እናተርፍ ነበር። ጎረቤት የከሰል ካውያ አላት፤ በነጭ ሽርጥ ላይ ጥላሸት ከረጨ ግን ስልሳውም አፈር በላ።

ማክሰኞ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

"ልጄ፣ ለቅዳሜ ያችን ሶኬት ግማሽ ሰዓት ልቀቅልኝ" አልኩ። "ሚስትህ የደከመችበት ነው።"

ዓይናቸውን ከመኪናው ሳይነቅሉ፣ "እማማ፣ ቃል ይረሳል። በጽሑፍ ያቅርቡ" አሉኝ።

"ከወንበርህ እስከ ክፍሌ አሥር እርምጃ ነው።"

"አሠራር አሠራር ነው።"

ጻፍኩ። በገዛ ቤቴ ስላለው፣ ባሌ ስለዘረጋው ሶኬት፣ "በትሕትና አመለክታለሁ" ብዬ ጻፍኩ። የኮምፒውተሩ ገመድና የእኔ ካውያ አንዱ ካልወጣ ሌላው እንደማይሰካ አንድ ሳላስቀር ዘረዘርኩ። ክቡር አማቼ ወረቀቱን ሳያዩ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ሊጎበኛቸው ሲመጣም ላኩት። ሐሙስ መልሱ መጣ። በደንብ የተተየበ፣ በእሳቸው ፊርማ የጸና፣ እንዲህ የሚል፦

"በቁጥር አንድ ያቀረቡት ማመልከቻ ተመርምሮ፣ የመኝታ ክፍሉ ሶኬት ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ ለካውያ አገልግሎት እንዲለቀቅ ተፈቅዷል።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ውድድሩ በስምንት ይጀመራል፤ አምስት ዙር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ፍርድ ማለት ይህ ነው አልኩ። አማቼን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ መረቅኳቸው። ወረቀቱንም አጥፌ ብብቴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። በጠዋት ልጄ የመጨረሻዎቹን ስምንት ሽርጦች ከማሽኑ አወረደች። ሃምሳ ሁለቱ ተተኩሰው ታጥፈዋል፤ ስምንቱ አልጋዬ ላይ ተጨማደው ተቀምጠዋል። ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የመምሪያው ሠራተኛ ሳሎን ገባ። ምክትሏ ያችኑ ላፕቶፕ በዚያው ፌስታል ይዛ መጥታ ጥግ ተቀመጠች። አዲሱ ሳጥን እንዲታይ የኮምፒውተሩ ጎን ተከፍቷል።

ልክ በስምንት ሰዓት ክቡር አማቼ ተነሥተው ንግግር ጀመሩ።

"ኃይል ሳይኖር ራዕይ የለም፤ ራዕይ ሳይኖር ኃይል ይባክናል" አሉ። ጭብጨባ። "ካርዶቻችን ሁለት ናቸው፤ ዓላማችን ግን አንድ ነው።" ጭብጨባ። ኮሚቴው ያለፈባቸውን ፈተናዎች በየሳምንቱ ከፋፍለው አስረዱ። ዋትን አስረዱ። ወርቅን አስረዱ። ፕሮፎርማን አስነሥተው አስጨበጨቡለት። መምህሩ ተነሥቶ አስተያየት ሰጠ፤ ለአስተያየቱ ምላሽ ተሰጠ።

እኔ ክፍሌ ውስጥ ካውያዬን በጭኔ ላይ አስቀምጬ ሰዓቱን አያለሁ። ስምንት ተኩል ሆነ። ንግግሩ አላለቀም። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው፤ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለና ጠበቅኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ንግግሩ አለቀ፤ ውድድሩ ተጀመረ። አሁንም ጠበቅኩ። አንደኛ ዙር ሲሉ ሰማሁ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ልጄ በሩን በርገድ አድርጋ ገባች።

"እማዬ፣ የሆቴሉ መኪና መታጠፊያው ላይ ደርሷል።"

"ሂጂ፣ ተቀበዪው። ውሃ ስጪው። ስለ ጤናው ጠይቂው።"

"ስለ ጤናው?"

"ስለ ልጆቹም። በዝርዝር።"

ወጣች። አራተኛ ዙር። ከሳሎን "ጌታችን እየመሩ ነው፣ ሁለት መኪና ያህል" ሲሉ ይሰማል። በጓሮ በኩል የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ብብቴን ዳሰስኩ፤ ወረቀቱ አለ። "አምስተኛ ዙር" ተባለ።

ገመዱን ነቀልኩ። ካውያዬን ሰካሁ።

ከሳሎን "ጠፋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያንኑ ድምፅ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ያንኑ ገመድ በዚሁ እጄ የነቀልኩ ዕለት ሰምቼዋለሁ። ያኔም ተኩሼ ስጨርስ መልሼ ሰካሁት። ያነሱትን ዕቃ ቦታው መመለስ እናቴ ያስተማረችኝ ነው፤ ኮሚቴውም ሲመጣ ሁሉ ነገር ደህና ተሰክቶ ያገኘው ለዚህ ነው።

ስድስተኛው ሽርጥ ላይ እያለሁ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ምክትሏ ናት። ገመዱን በዓይኗ ተከትላ እስከ ካውያዬ መጣች። አልደነገጠችም። በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

"እማማ፣ ስንት ቀረዎት?"

"ሁለት።"

የተተኮሰውን ማጠፍ ጀመረች። እጇ ሥራ ያውቃል።

"ባለፈውም እርስዎ ነበሩ" አለች።

"ባለፈውም። ልነግራቸው ነበር፤ እጅሽን አውጪ አሉኝ።" ወረቀቱን ከብብቴ አውጥቼ አሳየኋት። "የዛሬው ግን በፈቃድ ነው። ራሱ ፈርሞበታል።"

ወረቀቱን እንኳ አልተቀበለችኝም።

"አውቃለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች። "ማመልከቻዎ ሳይነበብ ወደ እኔ ተመርቶ መጣ። መልሱን ጽፌ ለፊርማ ላክሁላቸው። ሳያነቡ ፈረሙ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው የምንሠራው።"

"ታዲያ ሳሎን ሄደሽ ነገሩን አትነግሪያቸውም?"

ሽርጡን በአራት አጠፈችና አሰበች።

"እኔ ምክትል ነኝ፣ እማማ። ካልተጠየቅኩ አልናገርም።"

ስቄ ካውያው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እሷም ሳቀች፤ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ስምንተኛው ሽርጥ ሲያልቅ ካውያውን ነቀልኩ፤ ገመዱን መለስኩ። ስልሳውን በሁለታችን ክንድ ተሸክመን በጓሮ በር ወጣን። የሆቴሉ ሰው ስለ ሦስተኛ ልጁ ጥርስ እያወራ ነበር። እጥፋቱን በጣቱ ዳሰሰ። አንዱን ለብሶ አየ። ከዚያ የዓመቱን ሥራ ወረቀት አውጥቶ መኪናው ጣሪያ ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ አንብቦ ነው የፈረመው። ልጄ ማሽኗን በረንዳው ላይ ዞር ብላ አየችውና ጨርቅ አለበሰችው፤ መንገደኛ እንደሚያለብሱት።

ሳሎን ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ ተጀምሮ ነበር። ኮምፒውተሩ በራሱ በርቷል፤ ይህም ምስጢሩን አከበደው።

"ሺህ ስድስት መቶ አልበቃም" አሉ ክቡር አማቼ፤ ግንባራቸውን ይዘው።

"እንግዲያው ስሕተቴን አሳንሼ ነው የገመትኩት" አለ መምህሩ።

"ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ ይገዛ" አለ ፕሮፎርማ። "ካርዱ ሁለት፣ ሳጥኑ አንድ መሆኑ ከመጀመሪያውም ሚዛን አልነበረውም።"

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ምክትሏ ላፕቶፗን ፌስታሏ ውስጥ እየከተተች ነበር። ማሸነፏን ያስታወሰ የለም፤ እሷም አላስታወሰቻቸውም።

ሁለተኛው ሳጥን በሳምንቱ መጣ። በዚያው ሳምንት ልጄ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ተከራየች፤ ማሽኗን፣ መቀሷንና አዲስ ካውያ ይዛ ገባች። እኔም ጠዋት ጠዋት እዚያ እየሄድኩ እተኩሳለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳሎናችን ኮምፒውተር አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ክቡር አማቼ ይህን ድል በሪፖርት አቀረቡ፤ የድሉ ምክንያት ሁለተኛው ፓወር ሰፕላይ መሆኑን አስረዱ። ሁለተኛው ፓወር ሰፕላይ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም። ጠረጴዛው ሥር ነው፤ እግራቸውን ያሳርፉበታል።

ኮሚቴው ሥራውን በምስክር ወረቀት ዘጋ። ለሰብሳቢ፣ ለአባል፣ ለጸሐፊ፤ ለእኔም ጭምር። "ሶኬታቸውን በመስጠትና በዝምታ በመተባበር ላደረጉት አስተዋጽኦ" ይላል። ክቡር አማቼ ባለፈው እሑድ ከሰዓት ራሳቸው ሰጡኝ፤ ጨብጠውኝ ወደ እሽቅድምድማቸው ተመለሱ። ምክትላቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥሙ ስለነበር ሰዎች ተሰብስበዋል።

ወረቀቱን ክፍሌ ወስጄ አየሁት። የመጀመሪያዬ ነው፤ ሰባ ዓመት አልፎኝ ነው ያገኘሁት። ግን ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ ስለመጣ ተጨማዷል። የተጨማደደ ነገር ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም። አሮጌው ካውያ ከአልጋዬ ሥር አለ። ነጭ ጨርቅ ደርቤበት ለዘብ አድርጌ ብተኩሰው ይቃናል።

ሶኬቱን አየሁት። ተይዟል።

ካውያው ገና ለብ ሳይል ሳሎን ውስጥ ስብሰባ ተጠራ።